የሱላዥ ጥቁር የእጅ ባለሙያ ጥቁር ነው

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒዬር ሱላዥ ከ1979 (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ አብዛኞቹን ሸራዎቹን ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ቀለም ሞልቷል። በዚህ ጥቁር ውስጥ ሐዘን፣ ሞት ወይም መንፈሳዊ ምስጢር የፈለጉ ተመልካቾች ጥቂት አይደሉም። የሥራው ቁልፍ ያለው ግን ከምሥጢሩ ይልቅ ከእጅ ሙያው ዘንድ ነው።

ሱላዥ በ1919 በደቡብ ፈረንሳይ ሮዴዝ ተወለደ። ሠረገላ ሠሪ የነበረው አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱና ታላቅ እህቱ አሳደጉት። በ1938 ፓሪስ ሄዶ የታላቁን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ቢያልፍም፣ ትምህርቱ አልጣመውምና ትቶት ተመለሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስሙን ያስጠሩት ሥራዎች የተሠሩት አናጺዎች እንጨት በሚያቀልሙበት፣ ከዋልነት ልጣጭ በሚወጣ ቡናማ ቀለም ነው። በ1948 ደግሞ መስታወት ላይ ሬንጅ ቀባ፤ መነሻውም በባቡር ጣቢያ የተሰበረ የመስታወት ጣሪያ በሬንጅ ተጠግኖ ማየቱ ነበር። ብሩሾቹ የቤት ቀቢ ሰፋፊ ብሩሾች ነበሩ፤ የጎደለውን መሣሪያ ራሱ ይሠራ ነበር።

በ1979 አንድ ሸራ አልሆን ብሎት ሲታገል ጥቁሩ ሁሉን ዋጠው። ደክሞት ተኝቶ ሲመለስ ብርሃኑ ከቀለሙ ገጽ ላይ እየተንጸባረቀ አየ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጉዳይ የቀለሙ ገጽ ሆነ። በወፍራሙ ቀለም ላይ ሰፊ መፋቂያ ሲጎተት ትይዩ ቦዮች ይወጣሉ፤ እነዚህ ብርሃኑን ይሰባብሩታል፣ ለስላሳው ክፍል ግን ጸጥ ብሎ ይቀራል። ተመልካቹ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲል ብርማ የነበረው መስመር ይጠቁራል፣ አጠገቡ የነበረው ያበራል። ሥዕሉ አንድ ቀለም ብቻ ነው ማለት እዚህ ላይ አያስኬድም። ለሥዕሎቹም ልኬታቸውንና ቀናቸውን እንጂ ሌላ ርዕስ አይሰጥም ነበር፤ ትርጉም ፈላጊን ለማስቆም ከዚህ የተሻለ መላ የለም።

ክርክሩን የሚያጸናው ግን ሸራ ሳይሆን መስታወት ነው። ሱላዥ በልጅነቱ ባያት ጊዜ ሠዓሊ ለመሆን የወሰነባት የኮንክ ገዳም ቤተ ክርስቲያን 104 መስኮቶች አሏት። ከ1987 እስከ 1994 መስኮቶቹን ሲሠራ ቅዱሳንም ቀይና ሰማያዊም አልመረጠም። ብርሃን የሚያስገባ፣ ውጭውን ግን የማያሳይ ነጭ መስታወት ፈለገ፤ እሱን ለማግኘትም ከመስታወት ባለሙያ ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች አደረገ። ጥቁር ቀለም የሌለበት ይህ ሥራ የሚሠራው ግን በዚያው ዘዴ ነው፦ የቁሱ ውፍረትና ቅንጣት ብርሃኑን ይበትነዋል፣ እንደ ቀኑ ሰዓትም ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ያስመስለዋል። ሐዘን ጥቁሩን ሊያስረዳ ቢችል እንኳ ይህን ነጭ መስታወት አያስረዳም።

ይህ ማለት ሁሉም ሥራ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ ከ2004 በኋላ በአክሪሊክ ከሠራቸው ግዙፍ ሸራዎች አንዳንዶቹ ያለቀ መፍትሔ ይደግማሉ። ሱላዥ በ2022 በ102 ዓመቱ ሞተ። በ2014 በሮዴዝ የተከፈተው በስሙ የተሰየመ ሙዚየም የዋልነት ቀለሞቹን፣ የኅትመት ሥራዎቹንና የኮንክ መስኮቶችን ንድፎች ከሸራዎቹ ጋር ያሳያል።