ገዳዩ ማነው ከማለት በፊት

ከሲኒማ ስንወጣ እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው «ገዳዩን ዐወቅኸው?» እያልን ነው። ያላወቀው ይደነቃል፤ አስቀድሞ ያወቀው ፊልሙን ይንቃል። በዚህ ሚዛን ቀልለው ከተጣሉት ሥራዎች አንዱ ሉዊጂ ባዞኒ በ1971 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ጥቁር ቀን ለሐመል» የተባለው የኢጣልያ ፊልም ነው። (ሐመል ያልነው በዐውደ ነገሥት እንደምናውቀው የበጉን ኮከብ ነው።)

ኢጣልያኖች እንዲህ ያለውን የግድያ ታሪክ «ጃሎ» ይሉታል፤ ብጫ ማለት ነው፤ ይኸውም የሞንዳዶሪ ማተሚያ ቤት ከ1929 ጀምሮ የወንጀል ልብ ወለዶችን በብጫ ሽፋን ያወጣ ስለ ነበር ነው። ዳሪዮ አርጄንቶ በ1970 «ባለ ክሪስታል ላባዋ ወፍ» በተባለው ፊልሙ አያሌ ተመልካች ካገኘ በኋላ፥ የእንስሳ ስም የተለጠፈባቸው ተከታዮች እንደ አሸን ፈሉ። የባዞኒም ፊልም በዚያ መካከል ተዋጠ።

ታሪኩ፥ እውነቱን እንናገርና፥ ደካማ ነው። ፍራንኮ ኔሮ የሚጫወተው ጋዜጠኛ ከውስኪ ጠርሙስ የማይለይ ሰው ነው፤ የሚያውቃቸው ሰዎች ተራ በተራ ሲጠቁ እርሱም ይጠረጠራል። ተጠርጣሪው ከመብዛቱ የተነሣ ማን የማን ባል እንደ ሆነ መለየት እንኳ ያስቸግራል።

ነገር ግን የፊልሙን ብርሃንና ጥላ ያደላደለው ቪቶሪዮ ስቶራሮ ነበር። የመስኮቱ መከለያ ጥላውን በሰው ፊት ላይ በመሥመር በመሥመር ይጥላል፤ ሰዎቹም በሰፋፊ የሲሚንቶ ሕንፃዎች ሥር እንደ ጉንዳን ያንሳሉ። መራመድ የማትችል ሴት በሌሊት በገዛ ቤቷ ወለል ላይ ስትድህ፥ ከገዳዩ ይልቅ የወለሉ ስፋት ያስፈራል። ይህ ጌጥ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን አንስማማም፤ መስተዋት በበዛበት በዚያ ከተማ ማንም ማንንም አያይም፤ ለማየት ደመወዝ የሚከፈለው ጋዜጠኛ እንኳ አያይም። ደራሲዎቹ ያልጻፉትን ሥዕሉ ተናግሮታል። የሚያስከፋንስ፥ ካሜራው ጠመዝማዛውን ደረጃና የተገደለችውን ሴት በአንድ ዐይነት ፍቅር ማየቱ ነው፤ በዚህ ሊወቀስ ይገባዋል።

ይኸው ስቶራሮ ለቤርቶሉቺ «ኢል ኮንፎርሚስታ» በ1970 ያነሣው ሥዕል በየትም ይመሰገናል፤ ጕዳዩ ፋሽዝም ስለ ሆነ ክቡር ነው። ያው እጅ ለግድያ ታሪክ ሲሠራ ግን ዐይናችንን እንመልሳለን። ታዲያ የምናከብረው ሥራውን ነው ወይስ የርእሱን ማዕርግ?

ፊልሙን የሚያገኝ ጓደኛችን ቢቻል ሁለት ጊዜ ይየው፤ ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍቶ። የኤኒዮ ሞሪኮኔን ሙዚቃ ማጣት ግን ያሳዝናል።