ኪቦርድ በጥቁር ሰሌዳ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም አብራው ተወለደች። በምድር ባቡር ዎርክሾፕ መካኒክ የሆነ ሁሉ መካኒክ የሆነው መፍቻ ይዞ፣ ግሪስ ተለውሶ ነው። የሎኮሞቲቭ ሥዕል ደብተሩ ላይ ገልብጦ ባቡር ነጂ የሆነ ሰው ከከዚራ እስከ መጋላ ቢፈለግ አይገኝም።

እኛስ? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ኮምፒውተር ተምራችኋል» የተባልነው እንዴት ነበር? መምህሩ በጠመኔ አራት ማዕዘን ይሥላል። «ይኼ ሞኒተር፣ ይኼ ኪቦርድ፣ ይኼ ደግሞ ሲፒዩ።» እንገለብጣለን፣ እንሸመድዳለን፣ በፈተና «እውነት ወይም ሐሰት» እንላለን። መሣሪያዎቹ ግን ተቆልፎባቸው አቧራ ይጠጣሉ። በሩ የተከፈተ ዕለት አንዱ ለስድስት ነው፤ አንድ ይነካል፣ አምስት ያያል። ማየትስ የቆየ ልማድ ነው፤ ታላላቆቻችንም በ1990ዎቹ ማብቂያ ትምህርቱን በፕላዝማ ቴሌቪዥን እያዩ ነው ያለፉት።

ከዚህ የባሰው የፊደሉ ጉዳይ ነው። ኪቦርዱ የተሠራው ለላቲን ነው። በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ቁልፉ ላይ ያዩትን መትተው ይጽፋሉ። እኛ 33 ፊደል በሰባት ቤት ይዘን፣ ተናባቢውን መትተን አናባቢውን እናስከትል ዘንድ ግድ ነው። ይኼ ካልተማሩት አይመጣም። ማን አስተማረን? ማንም! ለዚህ ነው እናታችንን እንኳ «እንደምን አደርሽ» የምንላት በላቲን ቆራርጠን የሆነው።

ሌሎቹ እኮ የድርሻቸውን ሠርተዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ ያን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ ለማስገባት ተጨንቀዋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ስልኩም ኮምፒውተሩም ያነበዋል። የቀረው የእኛ ጣት ነው።

«ታይፕ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን በወጣው!» የሚሉ አሉ። እስቲ ከግቢው በር ወጣ ብላችሁ ፎቶ ኮፒ ቤቱን እዩት። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ዓይኗን ከጽሑፋችን ሳትነቅል በአሥር ጣቷ ታወርደዋለች፤ በመሐሉም የፊደል ግድፈታችንን ታርማለች። ባለ ዲግሪ ልንሆን ወራት የቀረን እኛ ከኋላዋ ቆመን «እሱን አይደለም፣ ተመለሽ» እያልን በገጽ እንከፍላለን። ከሁለታችን የተማረው ማነው?

ስለዚህ እንጠይቃለን። በየትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ከሰዓት በኋላ ለልጆች ይከፈት። አንድ ሙሉ ሴሚስተር በፊደላችን፣ በአሥር ጣት፣ ዓይን ወደ ቁልፍ ሳይወርድ ይሠልጥኑበት። ማርኩም እጃቸው በጻፈው ይሰጥ እንጂ በሸመደዱት አይሁን።

መብራት ይጠፋል ይሉናል። ይጥፋ! ሲመጣስ በሩን ማን ከፈተው?