መላጫው አይሸጥም

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወዳጃችን አዲስ የተከፈተ ካፌ ገብቶ ግድግዳውን አንስቶ ላከልን። የከሰል ካውያ፣ የድሮ ሬዲዮ፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ በመሀል ደግሞ ምላጭ የሚገባበት የብረት መላጫ ከነሳሙና ብሩሹ ተሰቅሏል። ከሥሩ «የደጉ ዘመን» ይላል። ወዳጃችንም እንዲህ ሲል ጽፎልናል፦ «ቃላሚኖ እናንተ ቤት እንዲህ ዓይነት አይቻለሁ። ቪንቴጅ የሚሰበስቡ ልጆች ጥሩ ዋጋ ይሰጣሉ። አባታችሁ እንደሆነ ጢም አሳድገዋል፣ እንዴት እንዳማረባቸው! ከእንግዲህ መላጫው ምን ያደርግላቸዋል?»

አይሸጥም። (ሴቶች ስለ መላጫ ምን አገባችሁ የምትሉም አትጠፉም። ለሐዘን ፀጉሯን የምትላጭ እናት ባለችበት አገር ምላጭ የወንድ ብቻ ዕቃ ሆኖ አያውቅም።)

እስቲ እንጠይቅ፤ የቱ ነው ደጉ ዘመን? ፈረንጆቹ ዛሬ የአያታቸውን መላጫ ከሣጥን አውጥተው፣ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አስደፍቀው፣ ቀስ ብለው መላጨትን ትልቅ ጥበብ አድርገውታል። በዚህ ጠብ የለንም። ተላጭተው ከሚጥሉት ፕላስቲክ ይሻላል፣ ወጪውም ያንሳል። ግን ያ መላጫ አያትየው እጅ እንዴት ገባ? ኪንግ ጂሌት የሚባለው አሜሪካዊ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ዕቃውን የሚሊዮኖች ያደረገው ግን ጦርነት ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ገደማ መላጫ ገዛ። ወታደሩ ለቁንጅና አልነበረም የሚላጨው፤ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ጢም ያለው ፊት ላይ በደንብ አይገጥምም።

ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ጋዙ ደረሰ፣ ጭንብሉ ቀረ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተከዜና ተምቤን ላይ መርዝ ሲያዘንቡ የእኛ ሰው ጋቢውን ነበር ፊቱ ላይ የሚጠመጥመው። ከዚያ በኋላ ጫካ የገባው አርበኛ ጭራሽ ጎፈሬውን አሳደገ። ጠጉርና ጦርነት እዚህ አገር የቆየ ዝምድና አላቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ከሰኔ 2013 በኋላ መቀሌ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ የአቦይ ደመወዝም ቆመ። ዱቄት የማይገዛ ቤት ምላጭ አይገዛም። አቦይ መሳቢያ ውስጥ የቀረቻቸውን አንዲት ፓኮ ምላጭ እንደ መድኃኒት ቆጥበው ያዟት። ሲደነዝዝባቸው ምላጩን ብርጭቆ ውስጥ አስገብተው፣ በሁለት ጣት ተጭነው፣ የብርጭቆውን ውስጠኛ ግድግዳ ወዲያ ወዲህ ያሹበታል። አንዱን በገልባጩ፣ አንዱን በፊቱ። ያን ድምፅ ጠዋት ጠዋት ከአልጋችን ሆነን እንሰማዋለን። ሳሙና ሲጠፋ በውኃ ብቻ ተላጩ፤ አገጫቸው እየደማ።

ለምን? ሥራ የለ፣ ድግስ የለ፣ ማን ሊያያቸው? አንድ ቀን አደይ ተቆጥታ ይህንኑ ጠየቀቻቸው። «ልጁ ሳይታሰብ ቢመጣ አርጅቼ እንዳያገኘኝ» አሉ። ታላቅ ወንድማችን ከወጣ ወራት አልፈው ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። አቦይ መላጨታቸውን ቀጠሉ፤ እንዲያውም አዲስ ምላጭ ገዙ። ጥቅምት 3 ቀን 2016 በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ፣ መርዶ በየቤቱ ገባ፣ የእኛም ቤት አልቀረለትም። አቦይ መላጫውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ሣጥኑ ውስጥ ከተቱት። አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱ አለፈ፣ ሽማግሌዎች ለመኗቸው፣ እምቢ አሉ። እንግዲህ ወዳጃችን «አማረባቸው» ያለው ጢም ይኼ ነው።

ወዳጃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደውም ይኼው ነው። ስለ ጦርነቱ አፋችንን ስንከፍት «ተዉት፣ ቁስል አትነካኩ» የሚለን ትውልድ፣ የጦርነቱን ዕቃ ግን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማኪያቶ ይጠጣበታል። ታሪኩ ሲወራ ይከብደዋል፣ ብረቱ ሲያብለጨልጭ ይወደዋል። ይህን የምንለው ለትግራይ ብቻ ተቆርቁረን አይደለም። ወሎም፣ አፋርም በር ላይ ዓይኑን ተክሎ የቀረ አባት አለ፤ የእሱም ዕቃ ነገ ምናለሽ ተራ ሊወርድ ይችላል።

ደግሞ እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ጋዜጠኝነት ተምረን፣ የማናውቀውን ሰው «ምን ተሰማዎት?» ብለን ማይክ ደቅነን፣ በየጠዋቱ ያ የብርጭቆ ድምፅ ምን እንደሆነ አቦይን ራሳቸውን ጠይቀን አናውቅም። የጠየቀችው አደይ ናት።

የካፌው ባለቤት ይህን ካነበብክ፣ ያን መላጫ የሸጠልህን ሰው ፈልገህ የማን እንደነበር ጠይቀው። የባለቤቱን ስም ከሥሩ ጻፍበት፤ ስሙ ካልተገኘ ባዶውን ተወው። «የደጉ ዘመን» የሚለውን ግን ዛሬውኑ አንሳው።