«ድሀ ማለት እኛ ነን?»

ክረምት ሲገባ ብዙዎቻችን ልጆቻችን እንግሊዝኛቸውን እንዲያሻሽሉ እንፈልጋለን። አንዳንዶቻችን የክረምት ትምህርት እናስገባቸዋለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ማታ ማታ ቤት ውስጥ እናስጠናቸዋለን። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ነው፤ የምጀምረውም ከራሴ ስህተት ነው።

በአንድ ክረምት የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆችን እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» እያሉ መዋል ስለሰለቸኝ፣ በዓለም አቀፍ ጉዳዮች ላይ የሚያወያይ ትምህርት ላዘጋጅ ብዬ ተነሣሁ። ርእሱን ድህነት አደረግሁና ከአንድ የውጭ መጽሐፍ ሥዕል ገለበጥኩ። ሥዕሉ ላይ የከሳ ሕፃን አለ፤ ከሥሩ የአገራችን ስም ተጽፏል። ልጆቹ ቃላቱን ተራ በተራ ደገሙ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና በአማርኛ፣ «ቲቸር፣ ድሀ ማለት እኛ ነን?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ያን ቀን ቃሉን አስተምሬያታለሁ፤ ከቃሉ ጋር ግን ሐፍረትም አስተምሬያታለሁ።

ከዚያ በኋላ የብራዚላዊውን መምህር የፓውሎ ፍሬሬን ሥራ ልብ ብዬ አየሁት። ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ አንጂኮስ በምትባል ከተማ፣ 300 ያህል ማንበብ የማይችሉ ሰዎችን በ40 ሰዓት ለማስተማር የተነሣ ሰው ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው ተማሪዎቹ ስለ ኑሯቸው ሲነጋገሩ ነው። ቃሉም ከንግግራቸው ይመረጣል። በዘዴው ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ «ቲጆሎ» የሚለው ነው፤ ጡብ ማለት ነው። መጀመሪያ ስለ ጡብና ስለ ቤት ሥራ ይወያያሉ። ከዚያ ቃሉ ቲ፣ ጆ፣ ሎ ተብሎ ይከፈላል፤ «ታ፣ ቴ፣ ቲ፣ ቶ፣ ቱ» እየተባለም ይነበባል፤ ልክ እንደ እኛ የፊደል ገበታ። ተማሪውም ከእነዚህ ድምፆች አዲስ ቃል ራሱ ይሠራል። በዚያን ጊዜ በብራዚል ማንበብ የማይችል ሰው የመምረጥ መብት አልነበረውምና ነገሩ የዋዛ አልነበረም። በ1964 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ፍሬሬ ታሰረ፤ በኋላም ተሰደደ።

የእኔ ስህተት ያኔ ገባኝ። ልጆቹን የሚወራባቸው አድርጌያቸው ነበር እንጂ የሚያወሩ አላደረግኋቸውም።

ሁለተኛውን ትምህርት በውሃ ላይ አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ በቀን ስንት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ እንደሚጠቀም ሦስት ቀን ቆጥሮ መጣ። «ሃው ሜኒ ጄሪካንስ?» «ሃው ማች ወተር?» እያሉ ተጠያየቁ። ጄሪካን ይቆጠራል፣ ውሃ ግን ይለካል እንጂ አይቆጠርም፤ ሰዋስዉ ያለ ብዙ ማብራሪያ ገባቸው። ቀጥሎ፣ ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር እንደሚያስፈልግና የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ንጹሕ ውሃ ማግኘትን ሰብዓዊ መብት ብሎ እንደተቀበለ ነገርኳቸው። ልጆቹ ወደ ጄሪካን መነዘሩት፤ ከሁለት ተኩል እስከ አምስት።

በመጨረሻ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገርን። ከረጅም ድርቅ የተነሣ የኬፕ ታውን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ነዋሪዎቿን በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳትጠቀሙ ብላ ነበር። «በዚያን ጊዜ እዚያ ለነበረ ልጅ ምን ትመክሩታላችሁ?» አልኳቸው። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ጎመን የታጠበበትን ውሃ ለምን ለምን እንደሚያደርጉት በእንግሊዝኛ አምስት መስመር ጻፈች። ሁለት ስህተት ነበረበት። እስክትጨርስ ድረስ አላረምኳትም።

ወላጆች፣ ይህን ለመሥራት መምህር መሆን አያስፈልግም። ልጃችሁ በኑሮው የሚያውቀውን ጉዳይ ምረጡ፤ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ የዳቦ ዋጋ፣ ወደ ውጭ አገር የሄደች አክስት ሊሆን ይችላል። ከአሥር የማይበልጡ ቃላት አዘጋጁ። መልሱን እናንተም የማታውቁትን ጥያቄ ጠይቁት። የሌላ አገር ሰውም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ምን እንዳደረገ አክሉበት። ፍጻሜው ላይ ልጁ የሚያደርገው ነገር ይኑር፤ ሳይሠራ የሰማው ችግር ፍርሃት ብቻ ይሆንበታል።

ባልና ሚስትም ሥራውን ተካፈሉት። አንዳችሁ ስትጠይቁ ሌላችሁ ጻፉ። ልጁ እየሰማ አንዳችሁ በሌላችሁ እንግሊዝኛ አትሣቁ፤ ነገ እርሱም አፉን ለመክፈት ያፍራል።

ያቺ ልጅ ለጠየቀችኝ ጥያቄ ዛሬም አጭር መልስ የለኝም። ትምህርት ሳዘጋጅ ግን አስቀድሜ አስባታለሁ፤ ይህን ገጽ እርሷ ብታነበው ምን ትላለች?

እስከሚቀጥለው ዕትም ሰላም ሁኑ።