አፍሳ የለቀመችው ልክ ነበረች

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ረጋ በል፣ አትቸኩል፣ ሁሉም በጊዜው ይደርሳል። ልጅ ሆነን ውሃ ስንደፋም፣ አድገን ሥራ ስናበላሽም ይህችኑ ተረት ሲወረውሩብን ኖረዋል። እኔ ግን ዛሬ ለዚያች ለቸኮለችው ሴትዮ ጥብቅና ልቆም ነው። ምስክሮቼ ደግሞ በሁለት፣ በአራት ወይም በሰባት ቀን ተሠርተው ያለቁ ትንንሽ የኮምፒውተር ጌሞች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌም ጃም የሚባል ነገር አለ። ጌም የሚሠሩ ሰዎች፣ አንዳንዱ ለብቻው አንዳንዱ በቡድን፣ በአንድ ቀን ይጀምራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ርዕስ ይሰጣቸዋል፤ ርዕሱን የሚያውቁት ደግሞ ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር ነው። ከዚያ በ48 ሰዓት (እንደየጃሙ ደንብ በ72 ሰዓት ወይም በሳምንት) ሰው ሊጫወትበት የሚችል ጌም ያስረክባሉ። ከአንጋፋዎቹ አንዱ ሉደም ዴር የተጀመረው በ2002 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ)። የሉደም ዴር ዋናው ውድድር ሕጉ የገዳም ሕግ ነው። ብቻህን ትሠራለህ፤ ስዕሉንም ድምጹንም በዚያው 48 ሰዓት ውስጥ አንተው ትፈጥራለህ፤ ሲያልቅም ኮድህን ለሁሉም ታሳያለህ። በ2009 ደግሞ ግሎባል ጌም ጃም መጣና በአንድ ቅዳሜና እሁድ ብዙ አገሮችን አንድ ላይ ማሠራት ጀመረ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከዚህ ሁሉ ሩጫ የሚወጣው አብዛኛው ጌም አይረባም። ይቆማል፣ ይንገዳገዳል፣ ድምጽ የለውም። ግን ከመሃል አንዳንዱ ብቅ ይላል፤ እሱን ስትጫወት «ይህንን እስከዛሬ ማንም እንዴት አላሰበውም?» ትላለህ።

ከምወዳቸው አንዱ ባባ ኢዝ ዩ ነው። ፊንላንዳዊው አርቪ ቴይካሪ በ2017 በኖርዲክ ጌም ጃም ላይ የሠራው ነው፤ የዚያ ዓመት ርዕስ «እዚያ የለም» የሚል ነበር። በጌሙ ውስጥ ሕጎቹ ራሳቸው መሬት ላይ የተቀመጡ ቃላት ናቸው። «ግድግዳ»፣ «ነው»፣ «ከልካይ» የሚሉ ሦስት ቃላት ከተደረደሩ ግድግዳው አያሳልፍህም። አንዷን ቃል ገፍተህ ከሰልፉ ካወጣሃት ግን ሕጉ ፈረሰ፤ ግድግዳው ውስጥ ሰተት ብለህ ታልፋለህ። «ባባ አንተ ነህ» የሚለውን ሰልፍ አፍርሰህ በባባ ቦታ «ድንጋይ»ን ብታስገባ ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንተ ድንጋይ ነህ! በአንድ ቃል ቦታ ለውጥ ትርጉም ሲገለበጥ ማየት ለቅኔ አገር ልጅ እንግዳ ደስታ አይደለም። ሰውየው ይህንን ሐሳብ አንድ ቅዳሜና እሁድ አልፈጀበትም። ሐሳቡን ከ200 በላይ እንቆቅልሽ ያለው ሙሉ ጌም አድርጎ ለማውጣት ግን እስከ መጋቢት 2019 ሠርቷል።

ሁለተኛው ሱፐርሆት ነው። የፖላንድ ልጆች በ2013 የተኩስ ጌም በሰባት ቀን በሚሠራበት ጃም ላይ ያወጡት ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ አንተ ስትንቀሳቀስ ብቻ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ቀጥ ካልክ ጥይቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቅሃል፤ አንድ እርምጃ ከሄድክ እሱም አንድ እርምጃ ይመጣል። በዚህች አንዲት ሕግ ምክንያት የተኩስ ጌም የፍጥነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቼዝ የማሰብ ጉዳይ ሆነ። ብራውዘር ላይ በነጻ የለቀቋትን ትንሽ ጌም ያየ ሕዝብ በ2014 ከ250 ሺህ ዶላር በላይ አዋጣላቸው፤ ሙሉው ጌም በ2016 ወጣ።

ሦስተኛው ሰለስት ነው። ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ የመጀመሪያውን ሰለስት በአራት ቀን ሠሩት፤ ተራራ የምትወጣ ልጅ፣ ዝላይ፣ አየር ላይ አንድ ጊዜ መወርወር፣ በቃ። የሠሩበት ፒኮ-8 የሚባለው መሣሪያ ሆን ተብሎ የጠበበ ነው፤ ስክሪኑ 128 በ128 ነጥብ፣ ቀለሙ 16፣ አንድ ጌም ከ32 ኪሎባይት አይበልጥም። በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ ከዚህ ይበልጣል! በጥር 2018 የወጣው ትልቁ ሰለስት በዓለም ላይ ስሙ ገነነ፤ የዚያ ዓመት ጌም አዋርድስም የምርጥ ኢንዲ ጌም ሽልማቱን ሰጠው። የአራት ቀኑ ሰለስት ግን አልተጣለም፤ በትልቁ ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል፤ ፈልጎ ያገኘው ይጫወተዋል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። ብሮፎርስ የተባለው የፍንዳታ ጌም የተወለደው በ2012 ሉደም ዴር ላይ ነው፤ ሠሪዎቹ የኬፕታውን ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚል ካለ ደቡብ አፍሪካን ይጠይቅ። በ2018 ሉደም ዴር «መስዋዕት መከፈል አለበት» የሚል ርዕስ ሲሰጥ ዳንኤል ሙሊንስ የራስህን ካርታ እየሰዋህ የምትጫወተው የካርታ ጌም ሠራ። ያ ጌም አድጎ በ2021 ኢንስክሪፕሽን ሆነ፤ በ2022 ደግሞ ትልልቅ ሽልማቶችን ጠራርጎ ወሰደ።

እንግዲህ ዓመታቱን አስተውሉ። ሱፐርሆት ከ2013 እስከ 2016። ባባ ከ2017 እስከ 2019። ኢንስክሪፕሽን ከ2018 እስከ 2021። እነዚህ ሰዎች በሁለት ቀን ወይም በሳምንት አፈሰሱ፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ለቀሙ። ተረቱ እንደ ስድብ የሚያወራው እነሱ ጋ የሥራ ዘዴ ነው። የጃሙ ጥቅም ፍጥነቱ አይደለም። ጥቅሙ ዓመታትህን በምን ላይ እንደምታጠፋ አስቀድሞ ማሳየቱ ነው። 48 ሰዓት ለግራፊክስ ማሳመሪያ አይበቃም፤ ለመቶ ገጽ ታሪክም አይበቃም፤ ለአንድ ሐሳብ ግን ይበቃል። ሐሳቡ ከሌለ ደግሞ የሚሸፍንህ ጌጥ ስለሌለ እሁድ ማታ ራቁትህን ትቀራለህ። ይህም ትርፍ ነው፤ የከሰርከው ሁለት ቀን ብቻ ነውና።

«እንቅልፍ ማጣትን ጀግንነት አታድርጉት» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። በጌም ኩባንያዎች ውስጥ ሠራተኛን ለወራት ሌት ተቀን ማሠራት የታወቀ በሽታ ነው። ጃም ግን እሁድ ያልቃል፤ የገባህበትም ወደህ ነው። ደግሞም ተኝቶ የተነሳ ሰው የተሻለ ጌም ይሠራል፤ ተኙ።

ሌላው ክርክር ይበልጥ ይከነክነኛል። «ያላደገው ጌምስ? ከንቱ ቀረ ማለት ነው?» የሚለው። አልቀረም። ትንሹ ሰለስት ዛሬም ሙሉ ጌም ነው፤ መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ታዋቂ ከሆኑ በኋላ በ2021 ሁለተኛውን ትንሽ ሰለስት በሦስት ቀን፣ በ2024 ደግሞ ሰለስት 64ን በሳምንት ገደማ ሠርተው በነጻ ለቀዋል። ትንሹን ነገር የሠሩት ወደ ትልቁ መወጣጫ ብቻ አድርገውት ቢሆን ኖሮ ምን ይመልሳቸዋል?

አሁን ወደኛ ልምጣ። እኛ ትልቅ ነገር እንወዳለን። ካፌ ቁጭ ብሎ የሦስት ሰዓት ፊልም ያላሰበ፣ ባለ አራት ቅጽ ልቦለድ ያልጀመረ፣ «አገር የሚለውጥ» ሶፍትዌር ያላቀደ ወጣት ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ያስጨረሰን ግን ማን ነው? ስፖንሰር እንጠብቃለን፣ የተሻለ ላፕቶፕ እንጠብቃለን፣ የተመቸ ጊዜ እንጠብቃለን። ያላለቀ ትልቅ ነገር ደግሞ ማንም ስለማይነካው ማንም አይተቸውም፤ የምንወደውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ጌም ለመሥራት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ጎዶ የተባለው መሥሪያ በነጻ ይወርዳል፤ ለትንሽ ጌም ውድ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ሐሳብ ከጠፋ ሚኒባስ ውስጥ ግቡ። ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል፣ የሁሉንም መልስ በጭንቅላቱ ይዟል፤ ድንገት ከኋላ «ወራጅ አለ!» ይባላል፤ መኪናው ቆሞ እስኪነሳ መልሷን ካልሰጠ ጠብ ነው። ይኸው አንድ ሕግ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጌም። መብራት ከጠፋ ወረቀት ላይ ንደፉት፤ ሲመጣ ትቀጥላላችሁ።

ምናልባት የማይረባ ይሆናል። ያለቀ የማይረባ ጌም ያለው ሰው ግን ቀጥሎ ምን እንደሚያስተካክል ያውቃል። ስለዚህ ከሚመጡት ቅዳሜና እሁዶች አንዱን ያዙና አፍስሱ። መልቀሚያ ጊዜ አይጠፋም።

ቸር እንሰንብት።