ወደ ሐይቅ ዳር የሚወርድ መንገድ

በክፍል ውስጥ ካርታ ሰቅዬ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ስፍራ በበትር ባመለከትሁ ቍጥር፥ «ይህ ሁሉ ውሃ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይታጣም። የመሐል ሜዳ ልጅ ውሃን የሚያውቀው በገደል ሥር ሲጮህ፥ ወይም በክረምት በረዶ ሆኖ ጣራውን ሲደበድብ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር ለተወለደ ሰው፥ ዝም ብሎ የተኛ ሰፊ ውሃ በወሬ አይገባውም። ስለዚህ በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ወደ ሐይቅ ዳር ወረድሁ። ከእናንተ ከአንባብያንም መካከል እንደ እኔ ደመወዙ ትንሽ፥ የልጆቹ ጥያቄ ግን ብዙ የሆነበት ቤተ ሰብ ይኖራልና፥ ያየሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

ቀደም ባለው ዘመን ከከተማ ወደ ባሕር ዳርቻ መውረድ ሲነሣ የሚታሰበው የምጽዋ መንገድ ነበር። ከአስመራ ደጋ ተነሥተው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ፥ ከምጽዋ አጠገብ ባለው በጉርጉሱም አሸዋ ላይ ይደርሳሉ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ለእኛ ልጆች የቀረላቸው ዳርቻ የሐይቅ ዳርቻ ነው። ይህም የሚናቅ አይደለም።

ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው ቢሾፍቱ ነው፤ ቀድሞ ደብረ ዘይት የምትባለው ከተማ ናት፥ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሐይቆችዋ ሆራ፥ ባቦጋያ፥ ቢሾፍቱና ሌሎችም፥ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቦረቦራቸው ጕድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ስለዚህ ዳራቸው ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም፤ እንደ ጋን ድንገት ወደ ታች ይሄዳል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። ልጅን «ከጕልበትህ በላይ አትግባ» ማለት እዚህ አይበቃም፤ ጕልበቱን ያረጠበው ልጅ አንድ እርምጃ ቢጨምር ውሃው ከራሱ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው እኛ ደገኞች ዋና ስለማንችል ነው፤ ውሃውንም ስለማናውቀው አንፈራውም።

ከአውቶቡስ ወርደን በእግራችን ወደ አንዱ ሐይቅ ስናቀና፥ መንገዱ በግንብ አጥር ላይ አበቃ። የአንድ ሆቴል ዘበኛ፥ በዕድሜ የገፉ ሰው፥ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ጋሼ፥ ከዚህ ወዲያ የሚገባው ከፍሎ ነው» አሉኝ። «አባቴ፥ ምግብም አልጋም አንሻም፤ ልጆቹ ውሃውን አይተው ይመለሳሉ» ብላቸው፥ «እኔማ ባስገባችሁ ደስ ባለኝ፤ የታዘዝሁት ግን ይህን ነው» ብለው አንገታቸውን ደፉ። የአምስታችን መግቢያ ሲሰላ ከአዲስ አበባ ካመጣን የአውቶቡስ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆነ። ታናሹ ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ዓይኑን አሾልኮ፥ «አባባ፥ እውነትም ሰማያዊ ነው!» አለ። እኔ ግን አፈርሁ። ባለሆቴሉን መውቀስ አልሻም፤ ገንዘቡን አፍስሶአል፥ ለብዙ ሰውም እንጀራ ሆኖአል። ዳሩ ግን ሐይቁን የሠራው እርሱ አይደለም።

በመጨረሻ በሆራ በኩል ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች በሚመላለሱባት ቀጭን መንገድ ወርደን፥ ልጆቹ እጃቸውን ነከሩ። ሆራ በኦሮምኛ ከብት የሚጠጣው ማዕድን ያለበት ውሃ ነው፤ በየዓመቱም ለኢሬቻ በዓል እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ሆራ አርሰዲ ይወርዳል።

ነገሩ በልቤ ስለ ቀረ፥ ከተመለስሁ በኋላ ሌሎች አገሮች ዳርቻቸውን እንዴት እንደሚይዙ ማንበብ ጀመርሁ። የስኮትላንድ ዋና ከተማ የኤዲንብራ ሰው በከተማው አውቶቡስ ተሳፍሮ ፖርቶቤሎ ከሚባለው የባሕር አሸዋ ይደርሳል፤ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሄድ ደግሞ ኖርዝ በሪክ ዳርቻ ላይ ይወርዳል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የወጣው የስኮትላንድ ሕግ፥ ንብረት እስካላበላሸና ሰው እስካላወከ ድረስ ማንም በምድሩም በሐይቁም ዳር እንዲመላለስ መብት ይሰጠዋል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው አሉ፤ የመንዝ ሰው ግን በብርድ አይታማም።

እኛስ ለእንዲህ ያለው ሥርዐት እንግዶች ነን? የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ከ300 ዓመት በላይ የጠበቁት ‹ቄሮ› በሚባል ሥርዐት ነበር (ዛሬ በፖለቲካ የሚነሣው ቃል አይደለም)። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል፤ ምድሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ባለመብቱ ሁሉ ለቤቱ ክዳንና ለገመዱ ያጭዳል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ያን ሥርዐት ቢያፈርሰውም፥ ሕዝቡ ከዚያ በኋላ በማኅበር ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሎአል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስከ ዛሬ አሉበት። ጓሳ ይዘጋ የነበረው ለሁሉም ሊከፈት ነው። የሐይቁ አጥር ግን የሚከፈትበት ወር የለውም።

ወደ ጕዞው ልመለስ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ዝዋይ አለ፤ ከተማይቱ ዛሬ ባቱ ትባላለች። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉ፥ አባ ኮዳዎች ትርፉን ሲጠብቁ ማየት ክፍያ የለውም። ከ5ቱ ደሴቶች በአንዱ፥ በቱሉ ጉዶ፥ የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚያ እንደ ሸሹ በትውፊት ይነገራል። በዝዋይ ግን ልጆቻችሁን ከውሃው አታስገቡ፤ ቢልሃርዝያ አለበት፥ ጕማሬም ከደንገሉ ውስጥ ይወጣል።

መታጠብ የሚሻ ሰው እስከ ላንጋኖ፥ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሂድ። ውሃው ከደቃቅ አፈር የተነሣ ቡናማ ነው፤ ቢልሃርዝያ ግን የለበትም ይባላል፥ በብዙ ስፍራም ዳሩ አሸዋ ሆኖ ቀስ እያለ ይጠልቃል። ጕማሬና አዞ ስለማይጠፉ የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ መግባት አይገባም። እኛም ጠይቀን፥ ከማረፊያ ቤቶቹ ራቅ ብለን ገባን። ባለቤቴ ነጠላዋን በራስዋ ጠምጥማ እስከ ቍርጭምጭሚትዋ ገባችና፥ «እግሬን ይስበኛል» ብላ እየሳቀች ወጣች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ያለው አብያታ ግን አሳዘነኝ። ወደ እርሱ የሚፈሰው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፥ ከራሱም ለሶዳ አሽ ሲቀዳ፥ በ50 ዓመት ውስጥ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጥቶአል። ቀድሞ ዳርቻ የነበረው ዛሬ የነጣ ጭቃ ነው፤ ውሃው ወዲያ ርቆአል።

ታናሹ ልጄ ከላንጋኖ አንድ ጠርሙስ ሞልቶ ለአያቱ ወደ መሐል ሜዳ አመጣ። እናቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና፥ «ይህን ድፍርስ ልታዩ ነው ያን ያህል አገር የሄዳችሁት? አስቀምጡት፥ ይጠላል» አለች። ጠርሙሱ እስከ ዛሬ በመስኮቱ ላይ ነው፤ አልጠለለም።