የሚያስፈራ አለቃ እውነቱን አይሰማም

ስለ ጥሩ አለቃ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ዕቅድ፣ ቁጥጥርና ደመወዝ ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ መሆናቸው አይካድም። በእኔ እምነት ግን የአለቃ ችሎታ በአንድ ጥያቄ ይለካል፦ ሠራተኛው መጥፎ ዜና ይዞ ወደ አለቃው ለመቅረብ ይደፍራል ወይስ አይደፍርም?

ይህን የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም። ባለፈው ክረምት በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ለልምምድ ወጥቼ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አዘጋጁ አንድን ሪፖርተር በሰው ሁሉ ፊት ጮኸበት። "ዲግሪህን ከየት ነው የገዛኸው?" አለው። ጥፋቱ የአንድ ኃላፊ ማዕረግ አሳስቶ መጻፉ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ እኛም ያልሰማን መስለን ኮምፒውተራችን ላይ አፈጠጥን።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የቀን 7 ሰዓት ዜና ሲዘጋጅ፣ ስለ አንድ የውኃ ጉድጓድ የሠራሁትን ዜና ታርሞ አየሁት። እኔ ማስታወሻዬ ላይ ተጠቃሚዎቹ 1,200 ናቸው። አዘጋጁ ያረመው ጽሑፍ 12,000 ይላል። ልናገር ብዬ ተነሳሁ፤ የጠዋቱ ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ዜናው እንዳለ ተነበበ፤ በማግስቱ ማረሚያ ተላለፈ። አዘጋጁ "እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። መልሱን ግን ቢሮ ውስጥ ያልነበረው ሰው የለም ከእሱ በቀር ሁሉም ያውቀው ነበር።

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱም አለቃን "እዚህ ጋ ተሳስተዋል" ማለት ድፍረት ይመስለናል። ጉዳቱ ግን ዞሮ ዞሮ የአለቃው ነው፤ የሚመራው ሥራ መበላሸቱን የሚሰማው ከሁሉም ሰው መጨረሻ ነው።

የጃፓኑ መኪና አምራች ቶዮታ በዚህ በኩል ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። መኪና በሚገጣጠምበት መስመር ላይ ያለ ተራ ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ይጎትታል። የቡድን መሪው ይመጣል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄደው ስለ ጥራት ቁጥጥር ያስተማሩት አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግም፣ ለሥራ መሪዎች ካቀረቧቸው 14 ነጥቦች 8ኛው ፍርሃትን ከሥራ ቦታ አስወግዱ የሚል ነው።

"ያለ ቁጣማ ሥራ አይሄድም" የሚሉ አይጠፉም። ደጋግሞ የሚያጠፋ ሠራተኛ መጠየቅ እንዳለበት እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን በሥራ ጥብቅ መሆን ሌላ፣ ሰው ማዋረድ ሌላ። ብቻውን ጠርቶ መገሠጽ ይቻላል። "ማን ነው ያጠፋው?" ከማለት በፊት "ምን ተፈጥሮ ነው?" ብሎ መጠየቅም ምንም ወጪ የለውም።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ እያወጣሁ አይደለም። ዘንድሮ በሬዲዮ ፕሮግራም ዝግጅት የቡድን መሪ ነበርኩ። ሥራውን ልናስረክብ አንድ ቀን ሲቀረን የቃለ መጠይቁ ቅጂ መጥፋቱን ሰማሁ። ቅጂውን የያዘችው ልጅ ከሦስት ቀን በፊት ታውቅ ኖሯል። "ትጮሂብኛለሽ ብዬ ነው" አለችኝ። ያን ቀን አዘጋጁ ትዝ አለኝ።

ነገ ከዚህ ዲፓርትመንት ወጥተን አንዳንዶቻችን አዘጋጅ፣ አንዳንዶቻችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንሆናለን። ልምምዱን ዛሬ ብንጀምረው ይሻላል። የቡድን መሪ የሆናችሁ፣ መጥፎ ዜና ይዞ የመጣውን ልጅ መጀመሪያ "እንኳን ነገርከኝ" በሉት፤ ቁጣው ካለም በኋላ ይደርሳል። ውድ መምህሮቻችንም፣ "ጥያቄ ያለው?" ስትሉን ዝም የምንለው ሁልጊዜ ስለገባን እንዳልሆነ ዕወቁልን።